የመጨረሻው ክፍል በር፦ የቪዲዮ ጌሞች ዛሬም ቦስ ያስፈልጋቸዋል?

የቪዲዮ ጌም የተጫወተ ሰው ያቺን ጸጥታ ያውቃታል። ጠባቡ መተላለፊያ ያበቃል፤ ሲከተለው የቆየው ሙዚቃ ይቋረጣል፤ አንድ ጥግ ላይ የመድኃኒትና የጥይት ክምር ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ተቀምጦ ይገኛል፤ ሴቭ ማድረጊያውም (የደረሱበትን የሚያስቀምጡበት ስፍራ) እዚያው አጠገብ አለ። ከፊት ለፊት ደግሞ እስካሁን ካለፈባቸው በሮች ሁሉ የሚተልቅ በር ተዘግቶ ቆሟል። ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው ከበሩ ጀርባ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ ጆይስቲኩን አጥብቆ ይይዛል። ቦሱ፣ ማለትም ከተራዎቹ ጠላቶች ሁሉ የሚበረታውና መንገዱን የሚዘጋው ትልቁ ጠላት፣ ሊመጣ ነው።

ይህ ልማድ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄም በጌም ሠሪዎችና በተጫዋቾች ዘንድ ደጋግሞ ይነሳል። ይቅር የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቦስ በሳንቲም ይሠሩ ከነበሩት የመጫወቻ ማሽኖች የተወረሰ አሮጌ ሥርዓት ነው፤ ታሪኩን እመንገድ ላይ ያስቆመዋል፤ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ የተረፈውን ሰው ሳምንቱን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎ ያስቀረዋል ይላሉ። በሌላ በኩል የቅርብ ዓመታት ገበያ የሚነግረን ከዚህ የተለየ ነው። በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ከ150 በላይ የቦስ ፍልሚያዎችን ይዞ ዓለምን አዳረሰ። በነሐሴ 2024 የወጣው የቻይናው ብላክ ሚዝ፦ ውኮንግ ከሞላ ጎደል የቦሶች ሰልፍ ሆኖ ሳለ በሦስት ቀን 10 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በመስከረም 2025 ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ ሲለቀቅ ደግሞ ከገዢው ብዛት የተነሳ ዋና ዋናዎቹ የኢንተርኔት ጌም መደብሮች ለሰዓታት ተጨናንቀው ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦስ ሰውን አሰልችቷል የሚለው አባባል እንግዲህ ብቻውን አይቆምም።

በእኔ እምነት ክርክሩ የተሳሳተ ቦታ ላይ ቆሟል። ጌም ፍልሚያ የግድ አያስፈልገውም፤ አንድም ጥይት ሳይተኮስባቸው ተጀምረው የሚያልቁ ድንቅ ጌሞች አሉ። የሚያስፈልገው ተጫዋቹ ከጀመረበት ዕለት ወዲህ ምን ያህል እንደተለወጠ በገዛ እጁ የሚያይበት ስፍራ ነው። ቦስ ለረጅም ዘመን ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረ መለኪያ ነው። ጌሙ ያስተማረውን ሲለካ የሚተካከለው የለም፤ ያላስተማረውን ሲለካ ግን ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የደከመበትን ሁሉ ከንቱ ያደርግበታል።

አመጣጡን መመልከት ለዚህ ይረዳል። በ1975 ፕላቶ በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር መረብ ላይ የተሠራው ዲኤንዲ የተባለ ጌም፣ ከምድር በታች ባለው ቤተ ውቅር መጨረሻ ላይ ሀብት የሚጠብቅ ወርቃማ ዘንዶ ነበረው፤ የመጀመሪያው ቦስ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውም እሱ ነው። በ1980 የወጣው ፊኒክስ ከአራት ዙር የአእዋፍ መንጋ በኋላ ማያ ገጹን የሚሞላ አንድ ግዙፍ መርከብ አመጣ፤ ተጫዋቹ የመርከቡን ቅርፊት በጥይት እየሸረሸረ ውስጥ የተቀመጠውን ጠላት መድረስ ነበረበት። የማሽኑ ባለቤት ተጫዋቹ ቶሎ ተሸንፎ ሌላ ሳንቲም እንዲከት ይፈልጋል፤ ተጫዋቹ ደግሞ የከፈለበት ነገር መጨረሻ እንዲኖረው ይፈልጋል። ቦስ ሁለቱንም ፍላጎት በአንድ ጊዜ የሚያሟላ መፍትሔ ሆኖ ተገኘ። ነቃፊዎቹ የሳንቲም ውርስ ነው ሲሉ እውነት አላቸው።

ነገር ግን ጌም ከማሽን ወደ ቤት ሲገባና የሳንቲሙ ጉዳይ ሲቀር ቦሱ አብሮ አልቀረም፤ ሌላ ሥራ አገኘ። በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን እንውሰድ። ጌሙ በሙሉ 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጌሙ «ዓለም» በሚላቸው ምዕራፎች በእያንዳንዱ አራተኛ ደረጃ ላይ ባለው ግንብ ውስጥ ባውዘር የሚባለው ቦስ እሳት እየተፋ ድልድይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከኋላው መጥረቢያ አለ። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ማሪዮ እሳት የመወርወር ኃይል ይዞ ከደረሰ ከሩቅ ሊጥለው ይችላል፤ ካልያዘ ግን ባውዘር ሲዘል ጠብቆ ከሥሩ ሾልኮ ወይም ከላዩ ዘሎ መጥረቢያውን ይነካል፤ ድልድዩ ይበጠሳል፤ ባውዘር ወደ እሳቱ ይወርዳል። እዚህ ውስጥ ከቀደሙት ሦስት ደረጃዎች ያልመጣ አንድም ነገር የለም፤ መሮጥ፣ መዝለል፣ ጊዜን መጠበቅ። ተጫዋቹ የሚጠየቀው ሲያደርገው የዋለውን ነገር ነው፤ ልዩነቱ አሁን ሲሳሳት የሚከፍለው ዋጋ መብዛቱ ብቻ ነው። በ1987 የወጣው ሜጋ ማን ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፈ። ስድስቱን ሮቦቶች ተጫዋቹ በፈለገው ቅደም ተከተል ይገጥማቸዋል፤ ያሸነፈውን ሮቦት መሣሪያ ይወርሳል፤ ያ መሣሪያ የሌላኛው ሮቦት ድካም ሆኖ ይገኛል። እያንዳንዱ ቦስ በዚህ ስሌት ከመፈተን አልፎ ለሚቀጥለው የሚያስታጥቅ ሆነ።

መለኪያ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ከአንድ ፍልሚያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2019 የወጣው ሴኪሮ ተጫዋቹን ጌኒቺሮ አሺና ከሚባል የጦር መሪ ጋር ሦስት ጊዜ ያጋጥመዋል። የመጀመሪያው ጌሙ ገና ሲጀምር፣ በጨረቃ ብርሃን በሸምበቆ ሜዳ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ግራ ክንዱን ይቆረጣል። ሁለተኛው ከብዙ ሰዓታት በኋላ በግንቡ አናት ላይ ነው። እዚያ ሦስት ምሽት አድሬአለሁ።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ እንደ ለመድኩት ሸሸሁ። ሌሎች ጌሞች ያስተማሩኝ ጠላት ሲመጣ ማፈግፈግን፣ ሲያልፍ ገብቶ መምታትን ነበር። ጌኒቺሮ ግን ከሸሹት ቀስቱን ያወጣል፤ መድኃኒት ለመጠጣት ሲሞክሩ ፍላጻው ከጽዋው ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው ምሽት ላይ ቆሜ መመከት ጀመርኩ፤ ሰይፍ በሰይፍ ሲመከት የሚወጣው ድምፅ ምት እንዳለውም ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ከባዱ ጥቃት ሲመጣ ቀይ ምልክት ይበራል፤ ሰይፉን ወደፊት ሊወጋ ከሆነ ወደ ሰይፉ መግባትና መርገጥ፣ እግር ሊያጭድ ከሆነ መዝለል ያስፈልጋል፤ ለመለየት የሚሰጠው ጊዜ ዓይን እስኪርገበገብ ነው። በሦስተኛው ምሽት ልብሱን ጥሎ መብረቅ መወርወር ሲጀምር መብረቁን በአየር ላይ ተቀብዬ እግሬ መሬት ሳይነካ መለስኩለት፤ ይህም ቢሆን ጌሙ ቀደም ብሎ በጽሑፍ የነገረኝ ነገር ነበር። በዚያ ሰዓት እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይንቀሳቀስ ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ግጥሚያ ነው። ጌሙ ሊያልቅ ሲል ጌኒቺሮ አዲስ ጥቁር ሰይፍ ይዞ፣ ከመጨረሻው ቦስ በፊት እንደገና ይቆማል። ያ ሦስት ምሽት የወሰደ ሰው አሁን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደቀ። ሴኪሮ እንደ ብዙዎቹ የሚና ጨዋታዎች ተራ ጠላት እየገደሉ በቁጥር የሚያድጉበት አይደለምና፣ ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው የባሕርዩ (ተጫዋቹ በጌሙ ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሰው) ጉልበት አልነበረም፤ የተለወጠው የተጫዋቹ እጅና ዓይን ነው። ጌሙ ይህን በንግግር አይናገርም፤ «በርትተሃል» የሚል ጽሑፍም አያወጣም። ያንኑ ሰው መልሶ ያቆማል፤ ቀሪውን ተጫዋቹ ራሱ ያየዋል። የተራ ጠላት ብዛት ይህን ስሜት ሊሰጥ አይችልም፤ ለመለካት አንድ የማይለዋወጥ ነገር ያስፈልጋልና።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ቦስን ያስጠሉት ጌሞች ምን እንደበደሉ ግልጽ ይሆናል። በ2011 የወጣው ዴየስ ኤክስ፦ ሂውማን ሬቮሉሽን ለተጫዋቹ የገባው ቃል ምርጫ ነበር። በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ መሾለክ፣ ኮምፒውተር መጥለፍ፣ ዘበኛን በወሬ ማግባባት፣ ማንንም ሳይገድሉ መጨረስ ይቻላል ብሎ ነገረው። ተጫዋቹም አምኖ ያገኘውን ነጥብ ሁሉ በድብቅ መሄጃና በኮምፒውተር መጥለፊያ ችሎታዎች ላይ አዋለው። ከዚያ አንዲት ክፍል ውስጥ ገባ፤ በሩ ተዘጋ፤ ክንዱ መትረየስ የሆነ ግዙፍ ሰው ፊት ለፊቱ ቆመ። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚጠለፍ ኮምፒውተር የለም፤ የሚያግባቡት ሰው የለም፤ መግደል ብቻ ነው ያለው። ለሰዓታት የገነባው ባሕርይ በአንድ በር መዘጋት ዋጋ አጣ። የቦስ ፍልሚያዎቹ ለሌላ ኩባንያ ተሰጥተው የተሠሩ መሆናቸው ኋላ ሲታወቅ ብዙዎች አልተገረሙም፤ ስፌቱ ከውጭ ይታይ ነበር። በ2013 በወጣው የተሻሻለ እትም ክፍሎቹ ሰፉ፤ ሌላ መንገድ፣ የሚጠለፍ መሣሪያና መሸሸጊያ ተጨመረባቸው። ሠሪዎቹ ስህተቱን ሲያርሙ ቦሶቹን አላስወገዱም፤ ፈተናውን ከትምህርቱ ጋር ለማስታረቅ ሞከሩ እንጂ። በ2007 የወጣው ባዮሾክ ግን የእርማት ዕድል አላገኘም፤ ስለ ነፃ ፈቃድ ያን ያህል የተራቀቀ ነገር የተናገረ ጌም የሚያበቃው ጡንቻው ያበጠ ሰው በመደብደብ ነው።

በተመሳሳይ ዓመት ከዴየስ ኤክስ ጋር የወጣው ባትማን፦ አርካም ሲቲ ተቃራኒውን አሳየ። ሚስተር ፍሪዝ የሚባለው ቦስ ፊት ለፊት የማይነካ ነው፤ የለበሰው የብረት ልብስ ከቡጢ በላይ ነው፤ የሚጎዳው ተደብቆ በድንገት በመምታት ብቻ ነው። ድብቅነት ደግሞ ጌሙ ከመጀመሪያ ጀምሮ ያስተማረው ሙያ ነው። ብልሃቱ ያለው ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው፦ ፍሪዝ አንዴ የተመታበትን ስልት ይማራል፤ ከወለል ሥር ወጥቶ የመታውን ተጫዋች ያን መንገድ ይዘጋበታል፤ ከላይ ተንሸራትቶ የመጣበትንም እንዲሁ። ስለዚህ በአንድ የሚወደው ዘዴ ብቻ እዚህ የደረሰ ተጫዋች ቤተ ሙከራው ውስጥ እየዞረ፣ የበረዶው ጨረር እየተከተለው፣ የረሳቸውን መሣሪያዎች ሁሉ አንድ በአንድ ማስታወስ ይገደዳል። ፈተና ማለት ይህ ነው፤ ተማሪው የሸመደደውን አንድ ጥያቄ አልፎ መጽሐፉን በሙሉ ይጠይቃል። ከዚህ ጌም ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣው የመጀመሪያው ክፍል የባትማንን ጠላት ጆከርን ወደ ጭራቅ ለውጦ በመጨረሻ ያቆመው መሆኑ ሲታሰብ፣ ሠሪዎቹ ትችቱን በሚገባ እንደሰሙ ይታያል።

ፈተናው የጦር መሣሪያ መሆን እንደሌለበትም ከረጅም ጊዜ በፊት የተረዱ ጌሞች ነበሩ። በ1997 የወጣው የመጀመሪያው ፎልአውት የመጨረሻ ጠላቱን፣ ማስተር የሚባለውን ፍጡር፣ በክርክር እንዲሸነፍ አድርጎ ሠርቶታል። ማስተር የሰውን ዘር ወደ አዲስና ብርቱ ዘር እለውጣለሁ ብሎ ያምናል፤ ተጫዋቹ በጉዞው መካከል እነዚያ ፍጡራን መውለድ እንደማይችሉ የሚያረጋግጠውን ማስረጃ አግኝቶ ከሆነና መናገርም ከቻለ፣ ማስረጃውን ያቀርብለታል። ማስተር የሠራው ሁሉ ከንቱ መሆኑን ሲረዳ ራሱን ያጠፋል። ይህ ትዕይንት የሚሠራው ማስረጃውን ተጫዋቹ ራሱ ፈልጎ ስላገኘው ነው። በ2015 የወጣው አንደርቴል ደግሞ ማንንም ሳይገድሉ ማለቅ የሚችል ጌም ሆኖ እያንዳንዱን ቦስ የትዕግሥት ጥያቄ አደረገው፤ የጠላት ጥይት ሲዘንብ እየሸሹ «እምርሃለሁ» የሚለውን አማራጭ ደጋግሞ መምረጥ ሰይፍ ከመምዘዝ የከበደ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ግን በልቤ የቀረው በ2005 የወጣው ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ ነው። በዚያ ሰፊ ባድማ ምድር ላይ ከ16ቱ ግዙፎች በቀር ጠላት የለም፤ ጌሙ ቦስ ብቻ ነው። ግዙፎቹ አብዛኛዎቹ ሰውን ሳይነኩ በየስፍራቸው የሚኖሩ ናቸው፤ ሲወድቁ የሚሰማው ሙዚቃ የድል ሙዚቃ አይደለም፤ ልቅሶ ነው። ተጫዋቹ እየበረታ ሲሄድ የሚያየው ለውጥ የሚያኮራው ላይሆን ይችላል። መለኪያ ክብደትን እንጂ ደስታን ብቻ አያሳይም።

ቦስ የሌላቸው ጌሞች መለኪያውን ከየት አመጡት? በ2018 የወጣው ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን ባዶ ተመልሳ በመጣች መርከብ ላይ የ60 ሰዎችን ዕጣ እንድናጣራ ይጠይቃል፤ መልሳችን ትክክል መሆኑን የሚነግረን ሦስት ሰው በትክክል ስንሞላ ብቻ ነው። ያ ማረጋገጫ ሲመጣ ያለው የልብ ምት ከማንኛውም ቦስ መውደቅ አያንስም። በ2019 የወጣው አውተር ዋይልድስ በየ22 ደቂቃው እየሞተ እንደገና የሚጀምር የፀሐይ ሥርዓት ነው፤ ተጫዋቹ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ይዞት የሚሻገረው ዕውቀቱን ብቻ ነው። መጨረሻው ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጀምሮ ሊደረስበት የሚችል ስፍራ ነው፤ የሚከለክለው ጠባቂ የለም፤ አለማወቅ ብቻ። ዲስኮ ኤሊዚየም፣ እሱም የ2019 ነው፣ የተለመደ የፍልሚያ ሥርዓት ጨርሶ የለውም፤ ነገር ግን መሣሪያ በታጠቁ ሰዎች ፊት ቆሞ መናገርና መወሰን የሚጠይቅ አንድ ትዕይንት አለው፤ ተጫዋቹ በዚያች ሰዓት ከቃሉና ከውሳኔው ሌላ የሚታመንበት ብዙ ነገር የለውም፤ እስከዚያ ድረስ የሠራውና ያልሠራው ሁሉ ይቆጠርበታል። ስሙ ቦስ አይባል እንጂ ሥራው ያው ነው። እነዚህን ጌሞች ቦስ እንደማያስፈልግ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች ጠለቅ ብለው ቢመለከቱ፣ የተወገደው የቦሱን ቀሪ ጉልበት የሚያሳየው የሕይወት መስመርና ሙዚቃው ብቻ መሆኑን ያያሉ ብዬ አስባለሁ።

የቡድን ጌሞችንም በአጭሩ ላንሳ። በ2004 በወጣው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ዘመቻዎች 40 ሰው ይጠይቁ ነበር። በአንደኛው ላይ ባሮን ጌዶን የሚባል የእሳት ፍጡር ከአርባዎቹ መካከል አንዱን ሰው ቦምብ ያደርገዋል፤ ያ ሰው ወዲያው ከጓደኞቹ ተለይቶ መሮጥ አለበት፤ ካልሮጠ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ይዞ ይሞታል። እዚህ የሚለካው የአንድ ሰው እጅ አይደለም፤ አርባ ሰዎች እርስ በርስ መደማመጣቸው ነው። ይህን ያለ ቦስ እንዴት መፍጠር እንደሚቻል ለማሰብ ሞክሬ አልተሳካልኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ቅሬታ እንምጣ፤ ቦስ ሰውን ከጌሙ ውጭ ያስቀራል የሚለው። ይህ ቅሬታ እውነት ነው፤ ጣቱ ቶሎ የማይታዘዝለት ሰው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው፣ ጊዜ የሌለው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ታሪክ ግማሽ ሳያይ ይቀራል። «ተለማመድ» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ይሁንና እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል፤ መማር የሚያስከፍለው ድካምና ከመማር ጋር ግንኙነት የሌለው ድካም። ከቦሱ ተሸንፎ እንደገና ለመሞከር ሁለት ደቂቃ መሮጥ፣ በመንገድ ላይ ያሉትን ተራ ጠላቶች ለሃያኛ ጊዜ ማምለጥ ምንም አያስተምርም። ሲልክሶንግ በወጣ ሰሞን ከተሰማው እሮሮ ጉልህ የሆነው ስለዚህ ሩጫ ነበር፤ ሠሪዎቹም በመጀመሪያው ማስተካከያ ሁለት ቀደምት ቦሶችን በመጠኑ አቅልለዋል። ኤልደን ሪንግ ይህን ችግር አስቀድሞ አስቦ በብዙ ቦሶች አጠገብ የሞተው ተጫዋች ተመልሶ የሚነሳባቸው ሐውልቶች አቁሟል፤ ፍልሚያው በዚህ ምክንያት አልቀለለም፤ የቀለለው ጥበቃው ነው። ያው ጌም በ2024 ባወጣው ተጨማሪ ክፍል የመጨረሻው ቦስ ከብዙ ቅሬታ በኋላ ተስተካክሏል፤ ጥቃቱ ማያ ገጹን በብርሃን እየሞላ ተጫዋቹ የሚማርበትን ነገር ራሱን ይሸፍነው ስለነበር ማስተካከያው ተገቢ ነበር።

በ2018 የወጣው ሴሌስት ከዚህ አልፎ የጌሙን ፍጥነት መቀነስ፣ ብርታት መጨመር፣ እንዲያውም አለመሞትን የሚፈቅድ የድጋፍ አማራጭ አቀረበ፤ ያንን የመረጠውንም ሰው በቃል አያሸማቅቅም። አንዳንድ ተጫዋቾች ይህ የድል ዋጋን ያረክሳል ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። መለኪያው የሚለካው እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ትናንት ወደ ራሱ ዛሬ የሄደበትን መንገድ ከሆነ፣ የአንዱ መነሻ ከሌላው መለየቱ ልኬቱን አያፈርሰውም።

ስለ ብዛትም አንድ ነገር ልበል። አንድ እውነተኛ ቦስ ለመሥራት የራሱ ቅርጽ፣ የራሱ እንቅስቃሴ፣ የራሱ ሜዳና ብዙ ጊዜም የራሱ ሙዚቃ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደክሞበት ተጫዋቹ ካለፈው በኋላ ላይመለስበት ይችላል። ወጪው ከባድ በመሆኑ ሠሪዎች ያንኑ ቦስ በሌላ ዋሻ ሌላ ቀለም ቀብተው ወይም ሁለት አድርገው መልሰው ያቀርቡታል። ኤልደን ሪንግን እጅግ ብወደውም ይህን ጥፋት ይጋራል፤ በየመቃብር ቤቱ የሚደጋገሙት ጠባቂዎች በአሥረኛው ላይ ምንም አይለኩም። ከጌኒቺሮ መመለስ የሚለዩትም በዚህ ነው፤ እሱ የተመለሰው ተጫዋቹን አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ እነሱ የተመለሱት ክፍሉ ባዶ እንዳይሆን ነው። ቁጥሩ ሩብ ቢሆን ኖሮ የቀሩት ይበልጥ ይታወሱ ነበር።

አንድ የ2004 ፍልሚያ ግን ከሁሉም ተለይቶ ይታየኛል። ሜታል ጊር ሶሊድ 3 የሚያበቃው በነጭ አበባ በተሸፈነ ሜዳ ላይ፣ ዘ ቦስ ከምትባል ሴት ጋር በሚደረግ ግጥሚያ ነው። ተጫዋቹ ጌሙን ሙሉ የተጠቀመበትን የእጅ ለእጅ ፍልሚያ ለባሕርዩ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ስለዚህ የምትፈትነው ራሷ በሰጠችው ትምህርት ነው፤ አሥር ደቂቃም ተወስኗል። በመጨረሻ ትወድቃለች፤ ሽጉጡ ወደ እሷ ይዞራል፤ ሙዚቃው ይቆማል፤ ምስሉም ባለበት ይቆያል። ብዙ ተጫዋቾች ታሪኩ በራሱ የሚቀጥል መስሏቸው ጆይስቲኩን አስቀምጠው ጠብቀዋል። አይቀጥልም። ነፋሱ አበባዎቹን ያወዛውዛል፤ ጌሙ አንዲት ቁልፍ እስክትጫን ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል።